ፎረፎር ነው ወይስ ጭርት? የእኔ ማሳከክና የልጄ አናት ላይ የወጣው ክብ ነገር

የካዛንቺሷ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ፣ አንዱ የራሴ አንዱ የልጄ ነው።

ራሴን በጣም ያሳክከኛል። ነጭ ቅርፊት ትከሻዬ ላይ እየረገፈ ጥቁር ልብስ መልበስ ትቻለሁ። ቅንድቤ ውስጥና ከጆሮዬ ጀርባም ይላጣል። እናቴ «ደርቆብሽ ነው፣ ቅቤ ተቀቢ» ስለምትለኝ ቅዳሜ ማታ ለጋ ቅቤ ተቀብቼ በሻሽ አስሬ አድራለሁ። እሁድ ስታጠበው ይሻለኛል፣ ሳምንቱ ሳይጋመስ ግን ብሶበት ይመለሳል።

ልጄ ደግሞ 7 ዓመቱ ነው። አናቱ ላይ ክብ ነገር ወጥቶበታል። እዚያ ቦታ ላይ ፀጉሩ ተሰባብሮ አልቋል፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ነው የቀረው። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼ እየቀባሁት ነው፣ ምንም ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርት ፈትጊበት ትላለች፣ እኔ ግን ያቃጥለዋል ብዬ ፈራሁ። ከእኔ ተጋብቶበት ይሆን? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

አራት ኪሎ ፋርማሲ
እህቴ፣ እንደነገርሽን ከሆነ የሁለታችሁ አንድ አይደለም። ከአንቺም አልያዘውም።

ያንቺ ፎረፎር ነው የሚመስለው፣ ጠንከር ያለው ዓይነት። ቅንድብና ከጆሮ ጀርባ መላጡ አንዱ ምልክቱ ነው። ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ አለ፣ ሁላችንም ራስ ቆዳ ላይ ይኖራል፣ የሚመገበውም ከቆዳችን የሚወጣውን ቅባት ነው። አንዳንዱ ሰው ቆዳ ለሱ ይቆጣና ማሳከክና መላጥ ይጀምራል። ስለዚህ ነገሩ ድርቀት አይደለም። ቅቤው ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ለዚያ ነው እሁድ የሚሻልሽ፣ ግን ቆዳው ላይ ሲያድር ለፈንገሱ ምግብ ነው የሚሆነው።

ኬቶኮናዞል 2% ሻምፑ ግዢ። በሳምንት ሁለቴ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። ብዙ ሰው ፀጉሩን አረፋ አድርጎ ወዲያው ያለቀልቀውና «አልሠራልኝም» ብሎ ይመጣል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቆዳው ላይ ነው፣ ፀጉርሽን ከፈል ከፈል አድርገሽ በጣትሽ ቆዳው ጋ አድርሺውና ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆይው። ጥፍር አታስገቢ። ሲሻልሽ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ቀጥይበት፣ ፎረፎር ይታገሣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፣ ድካምና ጭንቀት ሲበዛ ብቅ ይላል። ሴሊኒየም ሰልፋይድ ወይም ዚንክ ፓይሪታዮን ያለበት ሻምፑም ይሠራል። ቅርፊቱ ወፍራምና ብርማ ከሆነ፣ ከፀጉርሽ መስመር አልፎ ግንባርሽ ላይ ከወጣ፣ ክርንሽና ጉልበትሽ ላይም ካለ ግን ሶሪያሲስ የሚባለው ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ሐኪም ይየው።

አሁን ወደ ልጁ፣ ይሄኛው ነው የሚያሳስበኝ። የተሰበረ ፀጉርና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ክብ ነገር ልጅ ራስ ላይ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጭርት ነው፣ እሱም ካንቺው የተለየ ፈንገስ የሚያመጣው ነው። የራስ ጭርት በቅባት አይድንም! ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥና ሥሩ ድረስ ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን፣ መጠኑም በልጁ ኪሎ ነው የሚታዘዘው። ስለዚህ ያለ ሐኪም አትግዢ። የምትቀቢውን ቱቦ ደግሞ አንብቢው፣ ቤታሜታሶን የሚል ስቴሮይድ ካለበት ዛሬውኑ አቁሚ፣ መቅላቱንና ማሳከኩን ይደብቅልሻል እንጂ ፈንገሱ ሥር ሥሩን ይሰፋል። ነጭ ሽንኩርቱን እንኳንም ፈራሽው፣ የልጅ ቆዳ ያቆስላል።

ሹሩባ ሠሪዋ
ፒያሳ ፀጉር ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ እኔ ከእጄ ሥራ የማውቀውን ልጨምር።

የካዛንቺሷ፣ ራስሽ እስኪድን ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካሉን) እንዳትነኪ። በታከከ ቆዳ ላይ ሲገባ እንደ እሳት ነው የሚለበልበው። ሹሩባም ብትሠሪ ላላ አድርጊው። ደንበኞች «ጥብቅ አድርጊልኝ፣ ቶሎ እንዳይፈታ» ይሉኛል፣ በማግስቱ ራስ ምታትና ሥሩ ላይ ትንንሽ ብጉር ይዘው ይደውላሉ። ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ ፀጉር የሚሳሳው በዚህ ነው። ቶሎ ካቆሙት ተመልሶ ይበቅላል፣ ዓመታት ከቆየ ግን ሥሩ ይሞትና ቦታው እንደተላጨ ይቀራል። ሕፃናት ልጆችን እንደዚያ ወጥረው ሲያመጡብኝ በጣም ነው የሚያመኝ።

የልጅሽን ፀጉር ቤት በተመለከተ፣ ቶንዶሱ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ሳይጸዳ ከሄደ ጭርት ያጋባል። ምላጩን መጀመሪያ ከፀጉር በብሩሽ አጽዱልኝ፣ ከዚያ በአልኮል ጥረጉልኝ በይ። ማፈር የለም። ወይም የራሱን ቶንዶስ ግዢለት።

የካዛንቺሷ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ቱቦውን አነበብኩት፣ ቤታሜታሶን አለበት! አቁሜዋለሁ። ትምህርት ቤት ላስቀረው? ፀጉሩንስ ሙልጭ አድርጌ ልላጨው? ታናሽ እህቱ ደግሞ አብራው ነው የምትተኛው። ቅቤውንም ጨርሼ ልተወው ወይ፣ እናቴ እንዴት እንደምትከፋ አታውቁም።

የመንትዮቹ እናት
አይዞሽ፣ የእኔም ልጆች ይዟቸው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር ጻፉልኝና ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ነው ያሳየኋቸው። ጠዋት በጊዜ ሂጂ፣ ወረፋ አለው። ከቅርፊቱና ከተሰበረው ፀጉር ጫር አድርገው ወሰዱና በማይክሮስኮፕ አዩት። ግሪሲዮፉልቪን ነው ያዘዙልን፣ ሐኪሟ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ስጪያቸው ስላለችኝ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር እሰጣቸው ነበር። አደራ የምልሽ፣ ፀጉሩ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ዳነ ብለሽ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ይበልጣል፣ እስከመጨረሻው ስጪው።

አራት ኪሎ ፋርማሲ
መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። መላጨት ግዴታ አይደለም፣ ልጁ እንዳያፍር ኮፍያ ከፈለገ የራሱ ብቻ ይሁን። እህቱን ይዘሻት ሂጂ፣ ምንም ምልክት ሳይታይባት ተሸክማው ልትሆን ትችላለች። ኬቶኮናዞል ሻምፑው ለሁለቱም በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ብቻውን ባያድንም መተላለፉን ይቀንሳል። ሚዶ፣ ትራስ ልብስና ፎጣ ለየብቻ አድርጊ፣ ትራስ ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቢ።

ቅቤውን ጨርሰሽ ተይው አልልሽም። ሥሩን ትተሽ ከፀጉርሽ መሐል ጀምሮ ወደ ጫፉ ቀቢው፣ ቆዳሽን አታስነኪው፣ በዚያው ቀንም ታጠቢው። እናትሽም ደስ ይላታል።

አንድ ነገር ብቻ፣ የልጁ ራስ ላይ ያለው አብጦ ለስለስ ካለና መግል ካዘለ ወይም ትኩሳት ከያዘው ወረፋና ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ውሰጂው። ሲቆይ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። ማጅራቱ ላይ ንፍፊት ብታገኚ አትደንግጪ፣ ከጭርቱ ጋር የሚመጣ ነው፣ ለሐኪሙ ግን አሳዪው።