የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ድጋፍ፦ የረቂቅ ዕቅዱ ክፍል ሁለት ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
የተከበራችሁ አባላት፣ ለአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ደርሷችኋል። በክፍል ሁለት «የተማሪዎችን ተሳትፎ ማሳደግ» የሚል ዓላማ ሰፍሯል፤ ማስፈጸሚያው መጻሕፍት መግዛት፣ ክበባት ማቋቋምና የስም መቆጣጠሪያ መያዝ ነው። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

መምህር የሆኑ አባል፣ ደብረ ማርቆስ
ጸሐፊያችን፣ ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን። ይሁን እንጂ ተሳትፎን በስም መቆጣጠሪያ ከለካነው የምናውቀው ማን እንደ መጣ ብቻ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክሳንደር አስቲን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ተሳትፎን ተማሪው ለትምህርቱ የሚያውለው የአካልና የአእምሮ ጉልበት ነው ይለዋል፤ ጉልበቱም ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥራት ስላለው፣ መጽሐፍ ዘርግቶ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሁሉ ሁለት ሰዓት አጥንቷል አያሰኝም።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የስድስት ተማሪዎች ስም የሰፈረበት የቡድን ሥራ ተረክቤ፣ የጻፈውን ልጅ ዝም እንዲል ነግሬ ሌሎቹን ስለ ሦስተኛው ገጽ ጠየቅኋቸው። አንዱ ወረቀቱን ተቀብሎ ገጹን ሲያገላብጥ ቆየና የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ተማሪዎች በአንድ መሪ ሥር አምስት አምስት ሆነው በሚደራጁበት በአንድ ለአምስት ጊዜም ስንት ቃለ ጉባኤ እንዲሁ እንደተሞላ ታስታውሳላችሁ። ጥፋቱን በልጆቹ ላይ አልጥልም፤ ለእያንዳንዳቸው የመናገሪያ ተራ ሳልሰጥ በቡድን ሥሩ ያልኋቸው እኔ ነኝ።

አባል፣ ቢቸና
መምህር ያሉትን እደግፋለሁ፤ ነገሩም ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በዲማ፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ተማሪ መምህሩን ሰምቶ ብቻ አያድርም፤ ባለ ሁለት መስመር ከሆነው አጭር ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይነግራል፣ የሳተውንም እዚያው ይታረማል፤ ጀማሪውን የሚያግዘውም ቀድሞት የገባው ተማሪ ነው። ስለዚህ ለመጻሕፍት ከተያዘው ገንዘብ ግማሹ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ ይሁንና እያንዳንዳቸው 8 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ይያዙ፤ በየሳምንቱም ስምንቱ በየተራቸው አንድ ነገር ያስረዱ። የሚጠቀሙትም ታናናሾቹ ብቻ አይደሉም። አስቲን በግቢ ውስጥ በትርፍ ጊዜ የሚሠሩ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ የመዝለቅ ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን፣ ከግቢ ውጭ ሙሉ ጊዜ መሥራት ግን እንደሚጎዳ አሳይቷል።

አባል፣ ፍኖተ ሰላም
ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሰዓቱ ካልታሰበበት ግን ከወረቀት አያልፍም። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ሊያመጡ ወደ ወላጆቻቸው ይሄዳሉ፤ በሶና ሽሮአቸውን ተሸክመው የሚመለሱት እሑድ ማታ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከመሸ ከግቢ ወደ ኪራይ ቤታቸው ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ። ታናሽ እህቴ ጎበዝ ተማሪ ሆና ሳለ የአንድ መምህር ቢሮ በር ለማንኳኳት የደፈረችው በሦስተኛ ዓመቷ ነበር፤ የገባችበትም ክበብ አልነበረም፣ ክበቦቹ የሚሰበሰቡት ቅዳሜ ነበርና። የቡድኖቹ ጊዜ ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 10፡30 ይሁን ብዬ አመለክታለሁ።

አባል፣ እንጅባራ
በሰዓቱ እስማማለሁ፤ የመጻሕፍቱ ገንዘብ መቀነሱ ግን ያሳስበኛል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ወላጅም እኛን የሚጠይቀን ልጁ ስለማለፉ እንጂ ስለመናገሩ አይደለም።

መምህር የሆኑ አባል፣ ደብረ ማርቆስ
ወንድሜ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ታዲያ ቀሪው ግማሽ በጅምላ ከሚወጣ እያንዳንዱ ቡድን ለሚያስረዳው ትምህርት የሚፈልገውን መጽሐፍ ራሱ ይጠይቅና ይገዛለት፤ ቢያንስ መደርደሪያ ላይ አቧራ አይጠጣም።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ደብረ ማርቆስ
እንግዲህ ክፍል ሁለትን በዚሁ መልክ አርሜዋለሁ። ክበባት ማቋቋሙ ለሌላ ጊዜ ይቆያል፤ የስም መቆጣጠሪያውም ወጥቷል። በምትኩ በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ ለተማሪዎቹ አጭር መጠይቅ ይሰጣል፦ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ጠየቅህ፣ ለጓደኛህ ስንት ጊዜ አስረዳህ፣ ከክፍል ውጭ መምህር ስንት ጊዜ አነጋገርህ የሚል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚካሄደው ብሔራዊ የተማሪዎች ተሳትፎ መጠይቅም ተማሪው ያደረገውን እየጠየቀ ነው የሚለካው። ያልተቋጨው የኪስ ገንዘቡ መጠን ነው፤ ለአንድ ተማሪ በወር 500 ብር የሚሉና 800 ብር የሚሉ አሉ። የእንጅባራና የፍኖተ ሰላም አባላት በየአካባቢያችሁ ስንት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሚገኝ እስከ ረቡዕ ብታሳውቁኝ ሒሳቡን ሠርቼ እመለሳለሁ።