ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል፦ ፍሰት፣ ሙቀትና ኬሚስትሪ በአንድ ሞዴል ሲገናኙ ናይትሬቱ የት ይገባል?

ገላን_07

ሰላም ለሁላችሁ። ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ በአዲስ አበባ ስር እያለፈ፣ በአቃቂ የጉድጓዶች መስክ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ የሚደርስ የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል አለኝ። ርዝመትና ጥልቀት ብቻ ያለው ነው፤ ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 600 ሜትር። ሴሎቹ (ሞዴሉ የተከፋፈለባቸው ክፍልፋዮች) 100 ሜትር በ10 ሜትር ናቸው፣ በጠቅላላው 21,000። ፍሰቱ፣ ሙቀቱና ኬሚስትሪው ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ ኬሚስትሪውን የሚያሰላው ፍሪክሲ የተባለው ሶፍትዌር ነው።

ለአቃቂው ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሰጠሁት የውሃ አሳላፊነት (ኬ) በቀን 100 ሜትር፣ የውሃ ወለሉ ቁልቁለት 0.005፣ ፖሮሲቲው (የድንጋዩ ክፍተት ድርሻ) 0.05 ነው። ዲስፐርሲቪቲ (የሟሟው ነገር በመንገዱ ላይ የሚበታተንበት ልክ) 10 ሜትር፣ የጊዜ እርምጃ 30 ቀን፣ የሚሰላው ዘመን 50 ዓመት። ከታች በስንጥቅ በኩል 60 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይገባል።

ያስቸገረኝ ይህ ነው፦
– ከከተማዋ ስር የሚገባው ናይትሬት መንገድ ላይ ይጠፋል። ሞዴሉ ውስጥ ግን ናይትሬት የሚበላ ምንም ነገር አላስገባሁም። አንዳንድ ሴል ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳል።
– ሙቀቱ ከሚጠበቀው እጅግ ቀድሞ ጉድጓዱ ይደርሳል፣ ከክሎራይዱ እኩል ማለት ይቻላል።
– ሙቁ ውሃ በሚገባበት አካባቢ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) እንደ ሜዳ አህያ ቆዳ እየተዥጎረጎረ ይዘቅጣል።
– አንዱ ሙከራ ሦስት ቀን ይፈጃል።

ከየትኛው ልጀምር?

ጥቁር_ድንጋይ

ሰላም። ከናይትሬቱ ይጀምሩ፤ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች አንድ ላይ ተደርበዋል።

አንደኛው የግሪድ (የሴሎቹ አከፋፈል) ነው። የሴሉን ርዝመት በዲስፐርሲቪቲው ሲያካፍሉት 10 ይመጣል። ይህ ፔክሌት የሚባለው ቁጥር ነው፤ ከ2 ሲበልጥ ስሌቱ ይወዛወዛል፣ ከዜሮ በታች የሚወርደውም በዚህ ነው። የጊዜ እርምጃውም ረዝሟል። 100 ሲባዛ በ0.005፣ ለ0.05 ሲካፈል፣ ውሃው በቀን 10 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው፤ በ30 ቀን 300 ሜትር፣ በአንድ እርምጃ ሦስት ሴል ይዘላል። እርምጃው ከ10 ቀን አይብለጥ። ሴሎቹን ሁሉ 20 ሜትር ማድረግ ግን አያዋጣም፣ ቁጥራቸው 105,000 ይደርሳል። ለ35 ኪሎ ሜትር ጉዞ 50 ሜትር ዲስፐርሲቪቲ የተጋነነ አይደለም፤ ያኔ 100 ሜትሩ ሴል ልክ 2 ላይ ይቆማል። ሴሎቹን የሚያሳጥሩት ስንጥቁና የጉድጓዶቹ ዙሪያ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ውጤቱ እውነተኛ ኬሚስትሪ ይመስላል። ፍሰቱን የሚያሰላው ክፍል ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን በጠቅላላ መጠናቸው እያጓጓዘ እንደሆነ ያረጋግጡ። በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 111 ሞል ሃይድሮጅን አለ። የሟሟው ኦክስጅንና ናይትሬት ደግሞ በአንድ ሺህኛ ሞልና ከዚያ በታች የሚቆጠር ነው። 111ዱ ላይ የሚፈጠር ኢምንት የማጠጋጋት ስህተት ኬሚስትሪው ጋ ሲደርስ «ኤሌክትሮን ተርፏል» ተብሎ ይነበባል። ፍሪክሲ ደግሞ የታዘዘውን ያደርጋል፤ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ወይም ወደ አሞኒያ ይለውጥልዎታል። መፍትሔው ውሃውን ራሱን (ኤች ቱ ኦውን) ለብቻው አውጥቶ፣ የተረፈውን ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ብቻ፣ ከቻርጁ (ከኤሌክትሪክ ሙሌቱ) ጋር ማጓጓዝ ነው። ለማጣራት የፒኢውን (ውሃው ኤሌክትሮን ለመስጠት ወይም ለመቀበል ያለውን ዝንባሌ የሚያሳየውን ቁጥር) ካርታ ያውጡ። ጎረቤታሞች ሴሎች አንዱ 13 ሌላው ከዜሮ በታች ከሆኑ በሽታው ይኸው ነው።

ናይትሬቱ በእርግጥ የሚቀነስበት ምክንያት ሞዴሉ ውስጥ ከሌለ፣ የናይትሮጅንን ልውውጥ ጭራሽ ይዝጉት። ናይትሬቱን ከምንም ጋር የማይዋሃድ ንጥረ ነገር አድርገው በዳታቤዙ ላይ ይግለጹት። ከፍሪክሲ ጋር የሚመጣው «አም» የተባለው ዳታቤዝ አሞኒያን ከቀሪው ናይትሮጅን ስለሚነጥል ግማሹን ሥራ ያቃልላል።

ፍልውሃ_ጠርዝ

ሙቀቱን እኔ ልውሰደው። ሙቀት ከክሎራይድ እኩል የሚደርሰው የድንጋዩ ሙቀት የመያዝ አቅም ሲረሳ ነው። ክሎራይድ የሚጓዘው በውሃው ብቻ ነው፤ ሙቀት ግን በየደረሰበት ድንጋዩንም ማሞቅ አለበት። ለውሃ በሜትር ኩብ 4.18 ሜጋ ጁል፣ ለባዛልት ወደ 2.4 ይያዝ። ፖሮሲቲው 0.1 ቢሆን፦ 0.9 ሲባዛ በ2.4፣ ለ0.1 ሲባዛ በ4.18 ሲካፈል 5.2፤ 1 ሲደመር 6.2። ሙቀቱ ከውሃው 6 ጊዜ ያህል ይዘገያል። በእርስዎ 0.05 ደግሞ ወደ 12 ጊዜ ይሆናል። ሶፍትዌሩ የድንጋዩን ጥግግትና ስፔሲፊክ ሂት ለየብቻ ከጠየቀ፣ አሃዱን (ጁል ወይስ ኪሎ ጁል) ሁለቴ ይመልከቱ፤ አብዛኛው ስህተት እዚያ ነው የሚገኘው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ይህ ስሌት ውሃውና ድንጋዩ እኩል ሙቀት አላቸው ብሎ ነው የሚነሳው። ለስኮሪያ ይሠራል፣ ቁርጥራጩ ትንሽ ስለሆነ። ውሃው በጥቂት ስንጥቆች ብቻ የሚያልፍበት ወፍራም ባዛልት ላይ ግን ብሎኩ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። የድንጋይ የሙቀት ስርጭት በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የ10 ሜትር ብሎክ ለመሞቅ በዓመታት የሚቆጠር ጊዜ ይፈልጋል። እዚያ ባለ ሁለት ፖሮሲቲ ሞዴል (ስንጥቁንና ብሎኩን ለየብቻ የሚያሰላ) ያስፈልጋል።

ኬን እንደ ቋሚ ቁጥር አይስጡ፤ ፐርሚየቢሊቲ (የድንጋዩን ብቻ አሳላፊነት) ይስጡና ቪስኮሲቲው (የውሃው ውፍረት) በሙቀት ይቀየር። 60 ዲግሪ ውሃ ከ20 ዲግሪው ይልቅ ከእጥፍ በላይ ይፈስሳል (ቪስኮሲቲው ከ1.00 ወደ 0.47 ስለሚወርድ)። ካሊብሬሽን (ሞዴሉን ከልኬቱ ጋር ማስማማት) ላይ ደግሞ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ፦ ሙቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚለካው የውሃ ከፍታ ከቀዝቃዛው ጉድጓድ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። 300 ሜትር የ60 ዲግሪ ውሃ ዓምድ፣ ክብደቱ ስለሚቀንስ ብቻ፣ ከ20 ዲግሪው 4.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ይህን ሳያርሙ ኬን ቢያስተካክሉ የሌለ ቁልቁለት ነው የሚያሳድዱት።

ሸክላ_ገንቦ

በካልሳይቱ ላይ ልጨምር። መዥጎርጎሩ በከፊል ከላይ የተባለው የጊዜ እርምጃ ነው፦ ፍሰቱ ይሰላል፣ ቀጥሎ ኬሚስትሪው ይሰላል፣ በመካከላቸው መመላለስ የለም፤ እርምጃው ሲረዝም አንዱ ሴል ሁሉን ያዘቅጥና ቀጣዩ ባዶ ይቀራል። ካልሳይትን በቅጽበት ሚዛን ከማስያዝ ይልቅ በፍጥነት ቀመር ያስኪዱት። ግን ከሞዴሉ በፊት የናሙናውን ውሂብ ይመርምሩ።

ፒኤች የተለካው ላቦራቶሪ ከሆነ አይጠቀሙበት። ውሃው ከጉድጓድ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፣ ፒኤች ይወጣል፤ ፒኤች በ0.5 ሲጨምር የካልሳይት ሙሌት ኢንዴክስም (ውሃው ማዕድኑን ለማዝቀጥ ምን ያህል እንደተቃረበ የሚያሳየው ቁጥር) በ0.5 ገደማ ይጨምራል። ከመሬት በታች ያልነበረ ካልሳይት በወረቀት ላይ ይፈጠራል። ፒኤች፣ ሙቀትና አልካላይኒቲ (የውሃው አሲድ የማርገብ አቅም) እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ፓምፑ እየሠራ ይለኩ፤ ረጅም ቧንቧ አልፎ ከሚወጣ ውሃ ወይም ከታንከር አይቅዱ። ናሙናው በ0.45 ማይክሮን ይጣራ፤ ለካልሲየምና ለሶዲየም የሚሆነው ጠርሙስ በናይትሪክ አሲድ ከፒኤች 2 በታች ይውረድ፣ ለናይትሬትና ለፍሎራይድ የሚሆነው አሲድ አይንካው። ፍሎራይድ በፕላስቲክ እንጂ በብርጭቆ አይያዝ። የቻርጅ ሚዛኑ (የአዎንታዊና የአሉታዊ አየኖቹ ድምር መመጣጠን) ከ5 በመቶ በላይ የሳተ ትንታኔ ይጣል።

እዚህ ከፍታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። አቃቂ 2,000 ሜትር አልፎ ነው ያለው፣ የአየር ግፊቱ 0.79 አትሞስፌር ያህል ነው። ከየምሳሌው የሚገለበጠው የኦክስጅን ሎግ ቁጥር (የግፊቱ ሎጋሪዝም) ‑0.68 የባህር ወለል ነው፤ እዚህ ‑0.78 ይሆናል። የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ 0.1 ይወርዳል። የዝናቡን ውሃ ሲገልጹ ይህን ያስገቡ፤ አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከአየሩ ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ መረሬው ስር የሚሰርገውን ውሃ በአየሩ መጠን አያስሉት።

ፍሎራይድን የሚጨምሩ ከሆነ ካልሲየሙን ይከተሉ። ከፍሎራይት (የካልሲየምና የፍሎራይድ ማዕድን) ጋር ሚዛን የያዘ ቀዝቃዛ ውሃ 40 ሚሊ ግራም ካልሲየም በሊትር ካለው ፍሎራይዱ ወደ 4 ሚሊ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ካልሲየሙ ወደ 4 ሲወርድ ግን 13 ገደማ። ካልሳይት ሲዘቅጥና ሸክላው ካልሲየሙን ወስዶ ሶዲየም ሲለቅ ነው ፍሎራይዱ የሚከማቸው፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው ስንወርድ ውሃው ሶዲየም ባይካርቦኔት እየሆነ የሚሄደውም በዚሁ ነው። ይህን ከሸክላው ጋር የሚደረግ የካታዮን ልውውጥ ሳያስገቡ ፍሎራይድ ብቻ ቢያስገቡ ውጤቱ ትርጉም አይኖረውም። ደግሞም ኳርትዝ እንዲዘቅጥ አይፍቀዱ፣ በዚህ ሙቀት እጅግ ዝግተኛ ነው፤ ካልሲደኒ (ደቃቅ የኳርትዝ ዓይነት) ይሁን።

ገላን_07

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፒኢው ካርታ በትክክል እንደተባለው ነው፤ ጎረቤት ሴሎች ከ13 ወደ ‑4 ይዘላሉ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ከስር ወሰኑ ላይ 60 ዲግሪ ቋሚ ሙቀት አድርጌ ነበር። ልክ ነው? መፍላትስ መግባት አለበት?

ፍልውሃ_ጠርዝ

ቋሚ ሙቀቱን ያንሱት። ቋሚ ሙቀት ማለት የማያልቅ ምድጃ ነው፤ ፓምፖቹ ምን ያህል ቢስቡ ወሰኑ አይቀዘቅዝም። በስሩ ሁሉ የሙቀት ፍሰት ይስጡ። የአህጉሮች አማካይ በካሬ ሜትር ወደ 65 ሚሊ ዋት ነው፣ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ከዚያ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው። 65ቱን ለድንጋዩ የሙቀት አስተላላፊነት 1.8 ሲያካፍሉ በኪሎ ሜትር 36 ዲግሪ ይመጣል፤ 600 ሜትር ላይ ከወለሉ በ22 ዲግሪ ብቻ ይበልጣል። ፍሰቱን ወደ 100 ቢያሳድጉት እንኳ 33 ነው። ስለዚህ 60 ዲግሪው በማስተላለፍ ብቻ አይገኝም፤ ከጥልቀት በስንጥቅ የሚወጣ ውሃ ያስፈልገዋል። ያንን ስንጥቁ ያለበት ሴል ላይ የውሃ መጠን፣ የሙቀትና የኬሚስትሪ ይዘት ያለው መግቢያ አድርገው ይስጡት፣ መጠኑን በካሊብሬሽን ይፈልጉ።

መፍላት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ግፊቱ ስለሚጨምር ይበልጥ ይርቃል። ባለ አንድ ፌዝ ስሌት (ፈሳሽ ውሃ ብቻ፣ እንፋሎት የሌለበት) ይበቃል፣ ጊዜም ይቆጥባል።

ጥቁር_ድንጋይ

ስለ ጊዜው፦ እርምጃው 10 ቀን ሲሆን 50 ዓመት 1,800 እርምጃ አልፎ ይሄዳል፤ ሦስት ቀኑ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የሚያዘገየው ኬሚስትሪው ነው፣ እሱ ደግሞ ሴል በሴል ራሱን ችሎ የሚሰላ ስለሆነ በኮምፒውተሩ ኮሮች ሁሉ ላይ ይከፋፈል። መጀመሪያ ግን ሁሉን ያላቅቁ። ፍሰቱን ብቻ፣ ቀጥሎ ክሎራይድ፣ ቀጥሎ ሙቀት። ኬሚስትሪውን ከስንጥቁ እስከ አንዱ ጉድጓድ ባለ መቶ ሴል ነጠላ መስመር ላይ ይፈትኑ፤ በደቂቃዎች ያልቃል። እዚያ ካልሳይቱ ከተዥጎረጎረ ትልቁ ላይ አይስተካከልም።

በላቫ ንብርብሮቹ መካከል ያለውን ቀይ ሸክላ አፈርም አይርሱ፤ ውፍረቱ ጥቂት ሜትር ቢሆንም የቁልቁል ፍሰቱን የሚወስነው እሱ ነው። 10 ሜትሩ ሴል ይውጠዋል፤ እዚያ ላይ ቁመቱን 2 ሜትር ያድርጉት።