ኩላሊት ለተተከለላቸው እናቶች የሚታተመው በራሪ ጽሑፍ፦ ረቂቅ ዕቅድ

ጸሐፊ፦ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚሰጠውን ማይኮፌኖሌት የተባለ መድኃኒት የምትወስድ እህት ለማርገዝ ስታስብ ቢያንስ 6 ሳምንት አስቀድማ በሐኪም ትእዛዝ ወደ ሌላው መድኃኒት ወደ አዛታዮፕሪን መለወጥ እንዳለባት፣ ማይኮፌኖሌት በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንሱን ካገኘው በጆሮ አፈጣጠር ላይ ጉድለት፣ በከንፈርና በላንቃ ላይም መሰንጠቅ ሊያስከትል እንደሚችል የሚገልጽ አንድ ገጽ አዘጋጅተን ለኩላሊት ክሊኒኮች እናቀርባለን። የሽፋኑ ሥዕል ተያይዟል።

ገንዘብ ያዥ፦ ሥዕሉ ላይ ያለው ሕፃን ፈረንጅ ነው። በአባላት መዋጮ የፈረንጅ ልጅ አላሳትምም።

ነርሷ አባል፦ ከሥዕሉ በፊት ጽሑፉ ይታረም። ይህን አንብባ የደነገጠች እናት መድኃኒቱን ሁሉ በገዛ እጇ ብታቆም ሰውነቷ የተተከለውን ኩላሊት ሊቃወምና እርግዝናውም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ታክሮሊመስ፣ ፕሬድኒሶሎንና አዛታዮፕሪን የተባሉት የዚሁ ዓይነት መድኃኒቶች በክትትል እንደሚቀጥሉ፣ የታክሮሊመስ መጠንም በደም ምርመራ እየታየ እንደሚስተካከል ይጻፍ። ያለጊዜው የመወለድና የክብደት ማነስ ዕድል ከፍ ማለቱም አይደበቅ።

የሐዋሳ ተወካይ፦ ፈረንጅ ቢሆንስ? ኩላሊት ከተተከለላቸው ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና በ1958 እ.ኤ.አ. የወለደችው አሜሪካዊት አይደለችም?

ነርሷ አባል፦ እሷ ኩላሊቱን ያገኘችው ፍጹም ከምትመስላት መንታ እህቷ ስለሆነ ሰውነቷ አይቃወመውም፤ እነዚህን መድኃኒቶች አልወሰደችም፤ ለእኛ ምሳሌ አትሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ከጀመረ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የወለዱ እናቶች እያሉን ሥዕል የምንዋሰው ለምንድን ነው?

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ልጄን ለሰው ዓይን አላጋልጥም ያሉኝ እናቶች ናቸው። እርስዎ ካሳመኗቸው ያምጡ። ያለዚያ ሥራ አያስቁሙ።

ገንዘብ ያዥ፦ እንዲህ የምንነጋገር ከሆነ ቼኩን ሌላ ሰው ይፈርም።

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦች ፎቶ የሚገኝበት የአዲስ ዓመት የቀን መቁጠሪያ አሳትመን ብንሸጥ ለመድኃኒት መግዣ ይሆነናል፤ ጽሑፉም እዚያው ይገባል።

የሐዋሳ ተወካይ፦ እደግፋለሁ። በጳጉሜን ገጽ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተርፋል።

ነርሷ አባል፦ በመስከረም የምታረግዝ ሴት ማስጠንቀቂያውን በጳጉሜን ልታነበው ነው? ደግሞስ ረቂቁን ለፋርማሲ ባለሙያ አሳያለሁ ያለው አባል የት ገባ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከሁለት ማተሚያ ቤቶች የዋጋ ማቅረቢያ ይምጣልኝ። ወረቀቱ አንጸባራቂ ይሁን።