ክርክር፦ እግሩ ቀልቶ ያበጠ ታካሚ ሁሉ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ ምርመራ) ይታዘዝለት?

አወያይ፦ እግሩ ቀልቶ፣ አብጦና ግሎ የመጣ ታካሚ በብዙ ክሊኒኮች መጀመሪያ የሚላከው ላብራቶሪ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ከጨመረ አንቲባዮቲክ ይጻፍለታል፤ ካልጨመረ "ደህና ነህ" ይባላል። ይህ አሠራር ያስኬዳል?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ በደንብ ነው የሚያስኬደው። ቆዳው የቀላ ሁሉ ኢንፌክሽን የለበትም፤ ኒውትሮፊሉ (ባክቴሪያን የሚዋጋው የነጭ የደም ሴል ዓይነት) ሲጨምር ግን ፍንጭ ይሰጣል። ሳይመረምሩ አንቲባዮቲክ መበተን እኮ ነው ባክቴሪያውን መድኃኒት ያላመደብን።

ጤና መኮንን፦ ወንድሜ፣ ለብጉንጅ ሲቢሲ ምን ይሠራል? መግል ከቋጠረ ቀዶ ማፍሰስ ነው። ሴሉላይተስም (ወደ ቆዳ ውስጥ የዘለቀ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን) ቢሆን በዋናነት የሚለየው በዓይንና በእጅ ነው። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣውን ሴሉላይተስን ለመለየት የሚረዳ ኤኤልቲ-70 የተባለ የነጥብ መስጫ እይ፦ ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ከሆነ 3፣ ዕድሜ 70 ከሞላ 2፣ የልብ ምት 90 ከደረሰ 1፣ ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 10,000 ከደረሰ 1። ከሰባቱ ነጥብ ለደሙ የደረሰው አንድ ነው! ሁለቱም እግር እኩል ከቀላ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ደም ሥር ችግር አስብ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ አንድም ቢሆን ነጥብ ነው።

ነርስ፣ ከእስራኤል፦ እኔን የሚያሳስበኝ "ደህና ነህ" የሚለው ነው። እዚህ ከኢትዮጵያ በመጣን ሰዎች ዘንድ በጤናቸውም ኒውትሮፊላቸው ከ1,500 በታች የሆነ ጥቂት አይደሉም። በሽታ አይደለም፤ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር የተያያዘ የዘር ባሕርይ ነው፣ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም። እንዲህ ያለ ሰው በጤናው 1,300 ቢኖረውና ታሞ ሦስት እጥፍ ቢሆን 3,900 ነው። ማሽኑ "ኖርማል" ብሎ ያትመዋል፣ ሰውየው ግን ታሟል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ያ የማነጻጸሪያው ሰንጠረዥ ጥፋት እንጂ የምርመራው አይደለም። ለሕዝባችን የሚሆን መጠን እናውጣ። ደግሞ ኒውትሮፊል ላይ የሚወጣ ሲዲ64 የሚባል ምልክት አለ፤ በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል።

ጤና መኮንን፦ ሲዲ64 የሚለካው በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚመረምር ማሽን ነው። እኔ ያለሁበት ጤና ጣቢያ ሲቢሲውም ሪኤጀንት (የመመርመሪያው ኬሚካል) አልቆ ይቆማል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ሁለታችሁም አክርራችኋል። ትኩሳት ያለበት፣ ደም ግፊቱ የወረደ፣ ስኳር ያለበት ወይም የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲቢሲ ይታዘዝለት፤ ነጭ የደም ሴሉ ከ12,000 በላይ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን ከ4,000 በታች መውረዱም ያስደነግጠኛል። ግን ቁጥሩ የሚነግረኝ ሕመሙ ምን ያህል እንደጠናበት እንጂ የቆዳ ኢንፌክሽን መሆኑን አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም እርግዝናም ነጭ ሴል ያስጨምራሉ። ሥጋን የሚያበሰብሰውን ኢንፌክሽን ለመለየት በ2004 የወጣው ላይኔክ (LRINEC) የተባለ የነጥብ መስጫ ስድስት የላብራቶሪ ውጤቶችን ደምሮ እንኳ ብዙ ሕመምተኞችን ሳይለያቸው ያልፋል። ከሚታየው በላይ የሚያሠቃይ እግር ካጋጠማችሁ የላብራቶሪ ውጤት ሳትጠብቁ ለቀዶ ሐኪም ላኩ።

የታካሚ ልጅ፦ እናቴ ዝሆኔ አለባት፣ በባዶ እግር ስታርስ ያደገች ናት። እግሯ በተነሳባት ቁጥር ለሲቢሲ እንከፍላለን። ውጤቱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ፤ የሚታዘዝላት ግን ያው ነው፦ ማስታገሻ፣ ክሎክሳሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ፣ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ። ታዲያ ገንዘቡ ለምንድን ነው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ለእናትዎ እቀበላለሁ፤ ውጤቱ ሕክምናውን ካልቀየረ አይታዘዝ። ግን ሐኪም በሌለበት ቦታ ባለሙያው በምን ይወስን?

ጤና መኮንን፦ በቴርሞሜትርና በሰዓት፤ ሙቀትና የልብ ምት ለካ። የቀላውን ድንበር በእስክሪብቶ ክበብና በ48 ሰዓት ውስጥ መልሰህ እየው። መስመሩን አልፎ ከሄደና ሰውየው ከባሰበት ሪፈር ጻፍ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሦስት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የመጣ ገበሬ በ48 ሰዓት ይመለሳል ብለህ ነው?