ታይፕስክሪፕት ጨምሬ ቢልዱ (ኮዱን ለብሮውዘር ማዘጋጀቱ) እምቢ አለ፣ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ

ሳቢያን 02፦ አቦ ድረሱልኝ! እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ላለ የልብስ ሱቅ በሪአክት (የጃቫስክሪፕት ሳይት መሥሪያ) የሠራሁት ሳይት ላይ ዛሬ ታይፕስክሪፕት አስገባሁ፤ ጃቫስክሪፕት ላይ ተጨምሮ ቁጥርና ጽሑፍ እንዳይምታታ ኮዱን የሚፈትሽ ነው። የፋይሎቹን ስም በሙሉ ቀየርኩ፣ ስትሪክትን (ጥብቁን ፍተሻ) አበራሁ። 612 ስህተት! የጨመርኩት ወድጄ አይደለም። ትናንት አንዲት ደንበኛ የ450 ብር ቀሚስ አዘዘች፣ ማድረሻው 50 ብር ነው። ሳይቱ 45050 ብር ክፈይ አላት። እንዲህ ያለውን እንዲይዝልኝ ብዬ ነው።

የከዚራ ልጅ፦ ስትሪክትን አጥፋው። አለቀ።

ጁገል፦ ወንድሜ፣ ሁሉን በአንድ ቀን መቀየር ልክ አይደለም። ታይፕስክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ጀምሮ ጃቫስክሪፕት ላይ ቀስ እያለ እንዲጨመር ነው የታሰበው። እኛ ሐረር አንድ ፕሮጀክት ስንቀይር ፋይል በፋይል ነበር፣ ወራት ፈጅቶብናል።

አሸዋ ሜዳ፦ 612 ስህተት በዚህ ሙቀት! መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣ።

ለገሃሬ፦ ቢልድ የምታደርገው በምንድን ነው?

ሳቢያን 02፦ በቪት።

ለገሃሬ፦ እንግዲያው ተረጋጋ። ቪት ራሱ ታይፕ (የዳታ ዓይነት) አይፈትሽም፣ ገፎ ጥሎት ያልፋል። ፓኬጅ ጄሰን (የፕሮጀክቱ ማዘዣ ፋይል) ውስጥ የቢልዱን መስመር እየው፤ ከቪት በፊት ቲኤስሲ (የታይፕስክሪፕት ፈታሽ) ተጽፎ ይሆናል። እምቢ ያለህ እሱ ነው። ከዚያ አውጣና ለብቻው መስመር ስጠው። ሳይቱ ዛሬ ማታ ይወጣል፣ ስህተቶቹን በኋላ ትለቅማቸዋለህ።

የከዚራ ልጅ፦ ስትሪክትን አጥፋው አልኩ እኮ።

መጋላ፦ ቆይ፣ ታይፕስክሪፕት ቢኖርህም 45050ን አይይዝልህም ነበር። ዋጋው ከሰርቨር የመጣው በጥቅስ ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ነው አይደል? ጃቫስክሪፕት ጽሑፍና ቁጥር ደምር ስትለው ይለጥፋቸዋል። በፌች (ከሰርቨር ዳታ ማምጫ) የመጣውን ጄሰን (ዳታው የሚላክበት ጽሑፍ) ደግሞ ታይፕስክሪፕት «ኤኒ» (ማንኛውም ዓይነት) ነው የሚለው፣ ማለትም አይፈትሸውም። ቁጥር ነው ብለህ ብትጽፍለት ዝም ብሎ ያምንሃል። ብሮውዘር ላይ ሲደርስ የታይፕስክሪፕት ታይፕ የሚባል ነገር የለም። ዳታው ገና ሲገባ ዋጋውን በነምበር ወደ ቁጥር ቀይረው፤ ቁጥር ካልሆነ ትእዛዙን አትቀበል። ይሄን ሳታደርግ እንዳታስረክብ።

ሳቢያን 02፦ በጥቅስ ውስጥ ነው! አሁን አየሁት።

ጁገል፦ ዋጋ የሚደምረውን ፋይል ብቻ ታይፕስክሪፕት አድርገው። ሌሎቹን ወደ ድሮ ስማቸው መልስና አላው ጄኤስን (የጃቫስክሪፕት ፋይል አብሮ እንዲኖር የሚፈቅደውን) አብራ። ቲኤስ ኢግኖርን (ስህተቱን ዝለለው የሚለውን) በየመስመሩ እንዳትለጥፍ፣ ኋላ የቱ እውነተኛ ስህተት እንደነበር ይጠፋብሃል።

ለገሃሬ (በማግስቱ)፦ ሳቢያን፣ አስረከብክ ወይ? ሴትዮዋስ ቀሚሷን አገኘች?