ለስሜት ሕዋሳት የጤና ችግር ልዩ የመኪና ሰሌዳ ይሰጥ?

የክርክሩ አቅራቢ፦ የቀረበው ጥያቄ፣ መስማት የተሳናቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው፣ ወይም ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ ከመጠን በላይ የሚያውካቸው ሰዎች ለሚያሽከረክሯቸው ወይም ለሚሳፈሩባቸው መኪኖች ሁኔታቸውን የሚያሳውቅ ልዩ ሰሌዳ ይሰጥ ወይ የሚል ነው። ጉዳዩ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ከሚያስገኘው የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት የተለየ መሆኑን ከወዲሁ ማስገንዘብ እወዳለሁ። እዚህ ላይ የሚፈለገው፣ ፖሊስ መኪናውን ሲያስቆም ወይም ነፍስ አድን ሠራተኛ አደጋ ቦታ ሲደርስ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁኔታ በተሳሳተ መንገድ እንዳይረዳው ማድረግ ነው።

ኦቲዝም ያለበት ወጣት ልጅ እናት፦ እኔ እደግፋለሁ። ልጄ መንጃ ፈቃዱን በሚገባ ተፈትኖ ያገኘ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በጥቂቱም ቢሆን የማያልፍ አሽከርካሪ ነው። ነገር ግን ከኋላው መብራት ሲብለጨለጭና ሳይረን ሲጮህ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በእጆቹ ይደፍናል። «መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ» ሲባልም፣ ከማውጣቱ በፊት «መንጃ ፈቃድህን አሳየኝ» ብሎ ቃሉን እንዳለ ይደግመዋል። የሰማውን መድገም የመረዳት መንገዱ ነው፤ ፖሊሱ ግን የተሾፈበት ይመስለዋል። ዓይን ለዓይን አለማየቱም ያስጠረጥረዋል። ፖሊሱ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ልጄ አንደበቱ ይያዛል፣ መልሱ በዘገየ ቁጥር ደግሞ የፖሊሱ ቁጣ ይጨምራል። ይህን መከላከል የሚቻለው ፖሊሱ ከመኪናው ከመውረዱ በፊት ካወቀ ነው፤ ከመውረዱ በፊት የሚያየው ደግሞ ሰሌዳውን ነው።

መስማት የተሳነው አሽከርካሪ፦ እርስዎ ያነሡት ስጋት የእኔም ነው። መስማት አለመቻሌን ለመግለጽ እጄን ከመሪው አንሥቼ ወደ ጆሮዬ ስወስድ፣ ያ እንቅስቃሴ በጨለማ ምን ሊመስል እንደሚችል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይሁንና ሰሌዳው የሚነግረው ለፖሊሱ ብቻ አይደለም። ከኋላዬ ለሚነዳው ሁሉ፣ መኪናዬ በቆመችበት ለሚያልፈው ሁሉ፣ ክፉ ላሰበውም ጭምር፣ ይህ ሰው ከኋላው ቢመጡበት አይሰማም ብሎ ቀንም ሌሊትም ያሳብቅብኛል። አልፎ አልፎ ለሚያጋጥም የጥቂት ደቂቃ ንግግር ስል የጤና ሁኔታዬን መንገድ ላይ ለማንም ማወጅ አልፈልግም።

የሕግ ባለሙያ፦ እኔም እቃወማለሁ፤ ምክንያቴ ግን በመጠኑ ይለያል። ሰሌዳ የሚመዘገበው በመኪናው ነው፣ ሕመሙ ግን የሰውየው ነው። እናቲቱ መኪናውን ብቻቸውን ሲነዱ ሰሌዳው ሐሰት ይናገራል፤ ልጃቸው በአጎቱ መኪና ሲሳፈር ደግሞ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት አይገኝም። በእንግሊዝ ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ሰማያዊ የማቆሚያ መታወቂያ ከእ.ኤ.አ. ነሐሴ 2019 መጨረሻ ጀምሮ በዓይን የማይታዩ ጉዳቶች ላሉባቸውም እንዲዳረስ ሲደረግ፣ መታወቂያው የሰውየው እንጂ የመኪናው አይደለም የሚለው መርሕ አልተነካም፤ ባለቤቱ በሚሄድበት በየትኛውም መኪና አብሮት ይሄዳል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 22 የጤና መረጃቸው ምስጢራዊነት ከሌሎች ሰዎች እኩል እንዲጠበቅ ያዛል። መንግሥት ያንን መረጃ በብረት ላይ ጽፎ መኪና ላይ ሲያሰቅል፣ ሰውየው ፈቅዷል ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይመስለኝም።

በጡረታ ላይ ያለ የትራፊክ ፖሊስ፦ ከሥራው ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። መኪና ያስቆመ ፖሊስ ብዙ ጊዜ ገና ሳይወርድ የሰሌዳውን ቁጥር በሬዲዮ ወይም በኮምፒውተር ያጣራል። ስለዚህ መረጃው በምዝገባው መዝገብ ውስጥ ካለ፣ ሰሌዳው ላይ ለሕዝብ ምንም ሳይታይ ለፖሊሱ ይደርሰዋል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሕግ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ ከፖሊስ ጋር መግባባትን የሚያውክ የጤና ሁኔታ ያለበት ሰው በሐኪም ማረጋገጫ፣ በፈቃዱ፣ በመኪናው ምዝገባ ላይ እንዲሰፍርለት መጠየቅ ይችላል። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ኮኔቲከት ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ሰማያዊ ፖስታ ትሰጣለች፤ መንጃ ፈቃዱ፣ የመኪናው የምዝገባ ወረቀትና የኢንሹራንሱ ሰነድ በውስጡ ይቀመጣሉ፣ በላዩም ለሾፌሩም ለፖሊሱም አጭር መመሪያ ታትሟል። በእኔ እምነት ፖስታው ከሁሉም ይሻላል፣ ቢያንስ የሚናገረው ሲሰጥ ብቻ ነው። ድክመቱም አልጠፋኝም፤ ፖስታውን ለማውጣት እጁን ወደ መሳቢያው ሲሰድ የሚያይ ፖሊስ መሣሪያ ሊያወጣ ነው ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ስለዚህ ከእይታ በማይሰወር ቦታ፣ ለምሳሌ በፀሐይ መከላከያው ላይ ቢያዝ ይመረጣል።

እናት፦ የቀድሞው መኮንን የተናገሩት ለሾፌር ይሠራል። ለተሳፋሪውስ? አደጋ ደርሶ እኔ ራሴን ብስት፣ የአምቡላንስ ሠራተኛ የሰሌዳ ቁጥር አያጣራም። በድንጋጤ አንደበቱ የተያዘ፣ ሲነኩት የሚጮህ ልጅ በኋላ ወንበር ላይ ያገኛል፤ ጩኸቱን የጭንቅላት ጉዳት ምልክት አድርጎ ሊወስደው፣ በጉልበትም ሊይዘው ይችላል። ጃፓን መስማት የተሳናቸው አሽከርካሪዎች በአረንጓዴ ክብ ላይ ቢጫ ቢራቢሮ የተሣለበት ምልክት በመኪናቸው ፊትና ኋላ እንዲለጥፉ ታደርጋለች፣ ዓለምም አልፈረሰም።

መስማት የተሳነው አሽከርካሪ፦ የጃፓኑ ምሳሌ በግማሹ ባይጠቀስ መልካም ነው። እዚያ ለመንጃ ፈቃድ፣ በ10 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) የሚሆን የክላክስ ድምፅ መስማት ይጠየቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ይህን የማይሰሙ ሰዎች ሰፊ የኋላ ማሳያ መስታወት ገጥመውና ምልክቱን ለጥፈው እንዲነዱ ተፈቀደ። በዚያ ላይ ያለ በቂ ምክንያት ባለ ምልክቱን መኪና የሚያስጨንቅ ወይም ፊቱ ጥልቅ የሚል ሾፌር በሕግ ይቀጣል። ማለትም ግዴታው የተጫነው በሁለቱም ወገን ነው። እኛ እየተነጋገርንበት ያለው ሰሌዳ ግን ሌላውን ሾፌር በምንም አያስገድደውም። ለተሳፋሪው ልጅ ያሉትን ግን እቀበላለሁ፤ የሕክምና መረጃው በደኅንነት ቀበቶው ላይ ቢታሰር አምቡላንሱ የሚደርሰው እዚያው ነው፣ ልጁ መኪና ሲቀይርም አብሮት ይቀየራል።

አቅራቢው፦ ሁላችሁም ፖሊሱ ምልክቱን አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል ብላችሁ ተነሥታችኋል። ሳይረኑን ማጥፋትን፣ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ መጠበቅን፣ ሳይናገሩ አለመንካትን ካልሠለጠነ ምልክቱ የትም ቢሆን ጥቅሙ ትንሽ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ሥልጠናው ለሁሉም ፖሊስ፣ ለሁሉም ሾፌር ቢሆን ኖሮ ሰሌዳውም ባላስፈለገ ነበር። እስከዚያው ድረስ መዝገቡንም ሆነ ፖስታውን በፈቃድ ላይ ከተመሠረተ እደግፋለሁ፤ ባለቤቱ ሲፈልግ የሚሠረዝ፣ መኪናው ሲሸጥ ደግሞ ወዲያው የሚነሣ ይሁን።

መስማት የተሳነው አሽከርካሪ፦ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት። ምልክት መኖሩ ከታወቀ በኋላ፣ ምልክት የሌለው ሰው «ታዲያ ለምን አላሳወቅህም?» መባሉ አይቀርም። ምልክቱን አለመያዝ በትራፊክ ክስም ሆነ በኢንሹራንስ ካሳ ላይ እንደ ጥፋት እንደማይቆጠር በግልጽ ካልተጻፈ፣ በፈቃድ የተጀመረው ሳይውል ሳያድር ግዴታ ይሆናል፤ እኔም ድጋፌን አልሰጥም።