አንቱ የተባሉትን ብንጠይቃቸው ይነግሩናል?

አስተባባሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ይኸው። ደሴ ያለን ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተን በየሙያው አንቱ የተባሉ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ ልንቀርጽ አስበናል። ማሲንቆ ተጫዋች፣ ሐኪም፣ ሯጭ፣ መካኒክ። እዚህ ደረጃ እንዴት እንደደረሱ ከአፋቸው ሰምተን ለተማሪዎች ልናሳይ ነው። እሁድ ፒያሳ ስንገናኝ ግን ግማሾቻችሁ «ገንዘቡ ሜዳ ላይ ይቀራል» አላችሁ። ለምን? እስቲ በደንብ እንነጋገርበት።

የሸዋ በሯ መምህርት፦ እኔ ይሠራ ባይ ነኝ። እኛ መምህራን ቤንጃሚን ብሉምን የትምህርት ግቦችን በደረጃ በከፋፈለበት ታክሶኖሚው እናውቀዋለን። ይኸው ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሌላ ጥናት አለ። 120 ያህል ሰዎችን አነጋገሩ። ፒያኒስቶች፣ ቀራጮች፣ ዋናተኞች፣ ቴኒስ ተጫዋቾች፣ የሒሳብና የነርቭ ተመራማሪዎች። ያገኙት ነገር ክፍል ስገባ ሁሉ ትዝ ይለኛል። የብዙዎቹ የመጀመሪያ አስተማሪ ስመ ጥር አልነበረም። ልጁን የሚወድ፣ ትምህርቱን እንደ ጨዋታ የሚያስጀምር የሰፈር ሰው ነበር። ጥብቁ አስተማሪ የመጣው በኋላ ነው። ይሄ በፈተና ውጤት አይገኝም። ሰው ተጠይቆ ነው የታወቀው።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦ እህቴ፣ አክብሬሽ ልቃወም። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ሞተር በጆሮ ያውቃሉ ይባልላቸዋል። እንዴት አወቁ ስላቸው «ጆሮዬ ነው» ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ስታገል ኖርኩ። አንድ ቀን መጠየቁን ትቼ እጃቸውን ማየት ጀመርኩ። ከደሴ ቁልቁለቱን የወረደ የጭነት መኪና መጣ። ጋሼ መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ሳቡ። ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። ዞረው የጭሱን ቀለም አዩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ረጅሙን ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ጆሯቸው ላይ የለጠፉት። ይህንን ስነግራቸው «አሸታለሁ እንዴ?» አሉኝ። ወላሂ፣ አልዋሹኝም። ራሳቸውም አያውቁትም ነበር።

የሥነ ልቦና ተማሪው፦ መካኒኩ ወንድማችን ያለው ነገር ተጠንቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኒስቤትና ዊልሰን በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ሰው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚናገረው እውነተኛውን ምክንያት ሳይሆን ምክንያት የሚመስለውን ነው። ደ ግሩት የተባለ ሆላንዳዊ ደግሞ ቼዝ ተጫዋቾችን ሲያጠና ሰሌዳውን ፊታቸው አስቀምጦ፣ እያሰቡ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረገ። የምርጦቹ ብልጫ ብዙ እርምጃ አርቆ በማስላት አልነበረም። ጥሩው እርምጃ ገና ሰሌዳውን ሲያዩት ይታያቸዋል። እኛም እንዲህ እናድርግ እንጂ ሶፋ ላይ አስቀምጠን አንጠይቃቸው።

የሆጤው ሯጭ፦ የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ እንደነበር ያልሰማ የለም። ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ እጁ ሲወዳደርም እጥፍ እንዳለ ነበር። እውነት ነው። ግን አርሲ ውስጥ ስንት ልጅ ነው እንደዚያ የሮጠው? እነሱን ማን ጠየቃቸው? እኔ ሆጤ ስታዲየም ስድስት ዓመት በጠዋቱ ብርድ ሮጫለሁ። ጉልበቴን ሰጥቻለሁ። አልሆነልኝም። አሸናፊው «ጠንክሬ ስለሠራሁ ነው» ሲል ስሰማ ያመኛል። እኔስ አልጠነከርኩም? ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ ነው የወጡት። በቆጂ ሄደህ አንድ ሰው ብቻ ጠይቅ ብትሉኝ፣ ሻምፒዮኖቹን ትቼ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ነው የምጠይቀው። የወጡትንም የቀሩትንም ያዩ እሳቸው ናቸው።

የሸዋ በሯ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ያልከው ልቤን ነካው። ልክ ነህ፣ አንተም መጠየቅ አለብህ። እነ ብሉምም ወላጆችን ጭምር ጠይቀዋል። አንድ ነገር ግን አልለቅም። እጅን በማየት የማይገኝም አለ። ሰውየው ሙያውን ሊተው ሲል ማን እንዳስቀረው ካሜራ አያሳይም። እሱን ከራሱ አፍ ነው የምንሰማው።

የማሲንቆው ልጅ፦ አባቴ ማሲንቆ ተጫዋች ነበር። «እንዴት ነው እንዲህ የምትጫወተው?» ሲሉት «ከልብ ነው» ብሎ ዝም ይላል። ማሲንቆውን ይዞ ሲጠየቅ ግን ሌላ ሰው ነው። «ከአምባሰል ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስትሻገር ጣትህን የት ታደርጋለህ?» ስለው መጀመሪያ እጁ ይመልሳል፣ ከዚያ አፉ ይከተላል። «ጭራውን እንጨቱ ላይ አትጫነው፣ በጎን ንካው» ያለኝ እንደዚያ ሲጫወት ነው። ማሲንቆው በእጁ ሳይኖር ተቀምጦ ቢሆን አይነግረኝም ነበር። ማንም ሳይቀርጸው ሞተ። እባካችሁ፣ እናንተ ስትከራከሩ ሌሎቹም እንዳያመልጡን።

አስተባባሪው፦ እንግዲያው ቀረጻው ሥራ ቦታቸው ላይ፣ መሣሪያቸው በእጃቸው እንዳለ ይሁን። አስተማሪያቸውንም፣ አብሯቸው ጀምሮ የቀረውንም እንጠይቅ። ሯጩ ወንድማችን፣ ፈቃድህ ከሆነ ካንተ እንጀምር?

የሆጤው ሯጭ፦ እሺ። ጠዋት 12 ሰዓት ስታዲየም ኑ። አሁንም እሮጣለሁ።

የኮምቦልቻው መካኒክ፦ ጋሼንም አስፈቅጃለሁ። ሰኞ ኑ፣ ቅዳሜ ሥራ ይበዛል። ካሜራውን ፊታቸው ላይ ሳይሆን እጃቸው ላይ አድርጉት።